ደጅ የቆመው ልጅ

(ለሕግ ተማሪዎችና ለወጣት ጠበቆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ከጥቂት ቃላት በቀር አልነካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑና ተቀመጡ። ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት።

በጥያቄ ልጀምር። ሦስት ልጆች ሌሊት ለስርቆት ይወጣሉ። ሁለቱ አጥር ዘለው ይገባሉ። ሦስተኛው ሰው ከመጣ እንዲያፏጭ ደጅ ይቆማል። የቤቱ ባለቤት ይነቃል። ግብግብ ይነሳል። ሰውየው ይሞታል። ደጅ የቆመው ልጅ ነፍሰ ገዳይ ነው ወይስ አይደለም?

እስቲ እጅ አውጡ። ነው የምትሉ? እሺ። አይደለም የምትሉ? እሺ። እጃችሁን ያላወጣችሁት በዛችሁ። እውነታችሁን ነው። ገና ምንም አልነገርኳችሁማ! ልጁ ምን ያውቅ ነበር? እነዚያ ምን ይዘው እንደገቡ አይቷል? ጩኸቱ ሲሰማ እሱ የት ነበር? ይህን ሳይጠይቅ ማን እጁን ያወጣል?

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ነው። ቤት ሰብረው የገቡ ሰዎች ሰው ገድለዋል። ጥፋተኛ ተብለዋል። ከመካከላቸው አንዱ ይግባኝ ብሏል። ያ የይግባኝ መዝገብ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ይግባኝ ራሱ ምን እንደሆነ ነው፤ እሱን ቶሎ እንጨርሰዋለን። ሁለተኛው በይግባኝ ባዩ ልብ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ሰዓታችን የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛው መዝገብ ማንበብ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የሞተ ሰው አለ። እናንተ ስለ ይግባኝ ባዩ ስታስቡ ይህ እንዳይጠፋባችሁ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። ቤት ማለት ሰው በሩን ቆልፎ "ተመስገን፣ ዛሬም በሰላም ገባሁ" የሚልበት ቦታ ነው። እዚያ መገደል ሌላ ዓይነት ግፍ ነው።

ይህን በቃል ብቻ አይደለም የማውቀው። የእኔም ቤት አንድ ጊዜ ተሰብሯል። ማንም አልተጎዳም፤ እኛ አልነበርንም። ስንመለስ የመኝታ ቤታችን መሳቢያዎች ተገልብጠው አልጋው ላይ ተከምረዋል። የተወሰደው ዕቃ አልቆጨኝም። የቆጨኝ ሌላ ነው። ትንሿ ልጄ ለወራት ብቻዋን መተኛት እንቢ አለች። ባለቤቴ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሳች ቁልፉን ትነካ ነበር። ብረቱ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። እኔም ነቅቼ ነበራ! በዚያው ሳምንት ቢሮዬ ውስጥ በእንደዚህ ዓይነት ወንጀል የተፈረደበት ሰው መዝገብ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ልከፍተው አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። ለምን እንደከፈትኩት ስጨርስ ይገባችኋል ብዬ አስባለሁ።

እሺ፤ አንደኛው ነጥብ።

ይግባኝ ልመና አይደለም። ይግባኝ ምሕረትም አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ቢሮዬ ሲመጣ "ጋሼ፣ እባክዎ ያስምሩልን፣ ይለምኑልን" ይለኛል። አይደለም! ይግባኝ መብት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ተጽፏል። ሰው ራሱ ጠበቃ ማቆም ባይችልና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ይላል።

ደግሞም ይግባኝ ነገሩን እንደገና ከሀ ብሎ መጀመር አይደለም። ምስክሮቹ ተመልሰው አይመጡም። የበላይ ፍርድ ቤት የሚያየው መዝገቡን ነው። "የሥር ፍርድ ቤት እዚህ ላይ ተሳስቷል" ብላችሁ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። "ፍርዱ ያሳዝናል" የቅሬታ ነጥብ አይሆንም። "በምስክር ያልተነገረ ነገር እንደተነገረ ተቆጥሯል" ግን የቅሬታ ነጥብ ነው። የመጀመሪያውን ጽፎ የመጣ ጠበቃ "አያስቀርብም" ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛውን የጻፈው "ያስቀርባል" ይባልለታል፤ ዐቃቤ ሕግም መልስ እንዲሰጥ ይጠራል።

ስለ ቀነ ገደብ ልንገራችሁ፤ ቀን አልፎበት ስንት ሰው እንደተበላ አይቻለሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 የሚለው ይህን ነው። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚባል ይገለጻል። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ይገባል። አንድ ጊዜ ግልባጩን ተቀብሎ ትራሱ ሥር አስቀምጦ የጠበቀ እስረኛ አጋጥሞኛል። "የሚወስደው ሰው ይመጣል ብዬ ነው" አለኝ። ማንም አልመጣም። በቂ ምክንያት ላለው ሰው ሕጉ በር አይዘጋም፤ ያን በር ለማስከፈት ግን ሌላ ድካም ነው።

አንድ ልጨምርና ወደ ዋናው እንሂድ። የእምነት ክህደት ቃል። ሰው ክሱን በሙሉ አምኖ ከተፈረደበት ይግባኝ የሚለው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው። ስለ ጥፋተኝነቱ አይችልም። አሁን ያን ደጅ የቆመ ልጅ ችሎት ፊት አቁሙት። "ክሱ ገብቶሃል? ምን ትላለህ?" ይባላል። ልጁ ፈርቷል፣ ተጸጽቷል፣ "አዎ፣ ነበርኩ" ይላል። ይህ ማመን ነው? በምን ነበርክ? በስርቆቱ? በግድያው? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 ማመን የሚለው የወንጀሉን እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ያለ ምንም ማመንታት መቀበልን ነው። "ነበርኩ" ማለት "ገድያለሁ" ማለት አይደለም። ወጣት ጠበቆች፣ እባካችሁ፣ ደንበኛችሁ አፉን ከመክፈቱ በፊት አጠገቡ ተገኙ!

ሁለተኛው ነጥብ። ዋናው። ልብ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን ይዟል። ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመውን ለመደበቅ ተብሎ የሚፈጸም ግድያ እዚያ ውስጥ ነው። ለነፍስ ግድያ ወይም ለመሣሪያ ዘረፋ የተደራጀ ቡድን አባል ሆኖ መግደልም እዚያው ነው። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። ስለዚህ ሌባ ተይዞ እንዳይታወቅ ብሎ የቤቱን ባለቤት ቢገድል፣ ዐቃቤ ሕግ 539ን ቢያነሳ ማንም አይገርመው። እኔም አይገርመኝ።

ገዳዩ በ539 ይከሰስ። ደጅ የቆመውስ?

አንቀጽ 32ን አንብቡ። ሰው በእጁ ሳይነካ እንኳ ዋና ወንጀል አድራጊ ሊሆን ይችላል። መቼ? በድርጊቱም፣ በታሰበው ውጤትም ሙሉ በሙሉ ተካፋይ ሲሆን ነው። በድርጊቱም፣ በውጤቱም! ብዙ ጊዜ የክስ ጽሑፍ ላይ የመጀመሪያውን አገኛለሁ፤ ሁለተኛውን አጣለሁ። "በጋራ በመሆን" ተብሎ ይጻፋል። በጋራ በመሆን ምን? መስረቅ? መግደል? "በጋራ" የሚለው ቃል ብቻውን ሰው ዕድሜ ልክ ሲያሳስር አይቻለሁ።

ከዚያ አንቀጽ 58 አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ተፈትናችሁበታል። ግን በፈተና ሳይሆን በሰው አማርኛ ልንገራችሁ። አስቦ ማድረግ ሁለት መልክ አለው። አንዱ "ልግደለው" ማለት ነው። ሌላው "የመጣው ይምጣ" ማለት ነው። ሰው ሊሞት እንደሚችል ገብቶታል፤ እያወቀ "የመጣው ይምጣ" ብሎ ቀጠለ። ሕጋችን ሁለቱንም አስቦ ይለዋል። ያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ ገደቡን ያስቀምጣል። ሰው ካወቀውና ካሰበው፣ ይሁን ብሎ ከተቀበለው በላይ ለሆነው ነገር አስቦ እንዳደረገ ተቆጥሮ አይፈረድበትም። የቸልተኝነት ሕግ የሚይዘው ካለ እሱ ለብቻው ይታያል። አንቀጽ 32ም የጓደኛው ሥራ ከእሱ ሐሳብ አልፎ ሲሄድ ወደዚሁ ይመራናል።

ስለዚህ የይግባኙ ጥያቄ ሁሉ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠባል። ደጅ የቆመው ልጅ "የመጣው ይምጣ" ብሏል ወይስ አላለም?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም ሁሉ ተሰቃይቶበታል። አንድ የካናዳ ጉዳይ ልንገራችሁ። እኔ ሳነበው እንቅልፍ ያጣሁበት ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. የካቲት 1985 ነው። አልበርታ ውስጥ ቫሊቪው በምትባል ቦታ ባልና ሚስት በመኖሪያ ቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተገድለው ተገኙ። ሁለት ልጆች ዘርፈዋቸው ነበር። የተኮሰው አንደኛው ነው። ሁለተኛው ማርቲኖ ይባላል። ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። ሰብሮ ገብቶ መስረቅ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚል ቃል ሰጥቷል። ከቤቱ ሲወጡ ጓደኛውን ለምን ገደልካቸው ብሎ ጠየቀው። ያኛው ፊታችንን ስላዩ ነው አለው። ማርቲኖ ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? የእኔን እኮ አላዩም፣ ጭምብል አድርጌያለሁ!

እዚህ ላይ እንቁም። ይህን መልስ እንዴት ትሰሙታላችሁ? አንዱ ሰው ይሰማና "ሁለት ሰው ሞቶ ይሄ ስለ ራሱ ፊት ያወራል" ይላል። ሌላው ይሰማና "መግደል በሐሳቡ ቢኖር ጭምብል ምን ያደርግለታል? መደበቅ የፈለገው ሰዎቹ በሕይወት ስለሚቆዩ አይደል?" ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለቱንም ይሸከማል። ልብን ማስረዳት ይህን ያህል ከባድ ነው!

የዚያን ጊዜው የካናዳ ሕግ ግን ልቡን ለማየት አያስገድድም ነበር። ዘረፋን ወይም ቤት ሰብሮ መግባትን የመሰለ ወንጀል ሲሠራ፣ ለዚያው ተብሎ ሰው ላይ ጉዳት ከደረሰና ሰውየው ከሞተ፣ ሞት ይመጣል ብሎ ያሰበም ያላሰበም ነፍሰ ገዳይ ይባል ነበር። ማርቲኖ በሁለት ግድያ ጥፋተኛ ተባለ። ይግባኝ አለ። የአልበርታ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና ይታይ አለ። አሁን ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ወደ ላይ ወሰደው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ወሰነ። የአብላጫውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ አንቶኒዮ ላመር ናቸው። ሰው ሊሞት እንደሚችል ራሱ ሳያውቅ ማንም ነፍሰ ገዳይ ሊባል አይገባም፤ ይህ ስም የሚያሳድረው ነውርና የሚያስከትለው ቅጣት ለሌላ ሰው ሊሰጥ አይችልም አሉ። ያ የሕግ ድንጋጌ ፈረሰ።

ልብ በሉ! ፍርድ ቤቱ "ልጁ ንጹሕ ነው" አላለም። "ልቡ ይመርመር፤ ሳይመረመር ስሙ አይሰጠው" ነው ያለው። በዚህና በዚያ መካከል ሰማይና ምድር አለ። በሁሉም ይግባኝ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልቡ ይመርመር።

አሜሪካም ዘንድ አንድ አለ። ፍሎሪዳ፣ እ.ኤ.አ. 1975። ሁለት አዛውንቶች በእርሻ ቤታቸው ተገደሉ። ዘራፊዎቹ "መኪናችን ሞቆብን ነው፣ ውኃ ስጡን" ብለው ነው የመጡት። ኤንመንድ የተባለው ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ሞት ተፈረደበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ያልገደለ፣ ለመግደል ያልሞከረ፣ ሰው እንዲሞትም ያላሰበ ሰው በሞት አይቀጣም አለ። የጥፋተኝነቱ ፍርድ ግን አልተነካም። ቅጣቱ ብቻ ነው የተነሳው። ስማችሁ ከነፍሰ ገዳይ ተራ ሳይወጣ፣ ገመዱ ብቻ ከአንገታችሁ ይወጣል። ለዚህ ነው በጥፋተኝነት ላይ የሚቀርብ ይግባኝና በቅጣት ላይ የሚቀርብ ይግባኝ አንድ አይደሉም የምላችሁ። ማመልከቻ ስትጽፉ ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ።

እንግሊዞችም ተሳስተናል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የለንደኑ የንጉሣዊ ምክር ቤት ችሎት፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶችን የመጨረሻ ይግባኝ የሚሰማው፣ ከሆንግ ኮንግ የመጣ ይግባኝ አየ። ሦስት ሰዎች ቢላ ይዘው አፓርታማ ገብተው ባልየው በስለት ተወግቶ ሞቷል። ችሎቱ ምን አለ? ጓደኛህ ሊገድል ወይም ክፉኛ ሊጎዳ እንደሚችል ከገመትክና አብረህ ከቀጠልክ፣ መገመትህ ብቻ በቂ ነው አለ። ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ሲፈረድ ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆጊ በተባለ ሰው ጉዳይ ላይ ሕጉ በ1984 መንገድ ስቷል አለ። የጆጊ ጉዳይ የቤት ስርቆት አይደለም፤ ሰው ቤት ሄደው የተነሳ ጠብ ነው። ነገሩ ግን ያው የጓደኛ እጅ ነው። መገመት ሐሳቡን ለማስረዳት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ሐሳቡ ራሱ ግን አይደለም አሉ።

ያ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ? አልሄደም። ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን በዝቅተኛው የግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ ታሰረ። ከ2016 በፊት የተፈረደባቸው ሌሎች ሰዎችም በሩ ዝም ብሎ አልተከፈተላቸውም። የዘገየ ይግባኝ ለማቅረብ ከባድ የፍትሕ መጓደል ደርሶብናል ብለው ማሳየት አለባቸው። ሕጉ ስቷል ተብሎም እስር ቤት መቅረት አለ። ይህ ያመኛል። ልደብቃችሁ አልችልም።

ውኃ ልጠጣ። ... አመሰግናለሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ቅድም ሁለት ቀን ልከፍተው አልቻልኩም ያልኳችሁ መዝገብ ነው። ስምና ቦታ አልጠራም።

ሦስት ተከሳሾች ነበሩ። ሦስቱም በከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ። ሟቹ የልጆች አባት ነው፤ በፌሮ ጭንቅላቱን ተመቶ ነው የሞተው። የእኔ ደንበኛ ሦስተኛው ተከሳሽ ነው። ዕድሜው 19። ማረሚያ ቤት ሄጄ አገኘሁት። ቀጭን ልጅ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ በሁለት ጣቱ እየጠመዘዘ ያወራል። "ጋሼ፣ እኔ እኮ አልገባሁም" አለኝ። ስለ ሌላ ነገር ጠየቅሁት፤ መልሶ "አልገባሁም" አለኝ። ስነሳ ደግሞ "አልገባሁም" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩበት። ቤቴ የተሰበረ ሰሞን ነው። በልቤ "አለመግባትህ ለሟች ምን ጠቀመው?" አልኩ። አፌ ላይ ግን አልመጣም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቢሮ ተመልሼ ፍርዱን አነበብኩ። ፍርዱ ስለ እሱ የሚያወራው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። "የዐቃቤ ሕግ 2ኛ ምስክር ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ተከሳሾቹ ሲሮጡ ማየቷን መስክራለች፤ በመሆኑም ሦስቱም በድርጊቱ ሙሉ ተካፋይ መሆናቸው ተረጋግጧል" ይላል። አለቀ። ዕድሜ ልክ በአንድ አንቀጽ!

ይህ ሦስተኛው ነጥቤ ነው፤ መዝገብ ማንበብ። ፍርድ ማንበብ መዝገብ ማንበብ አይደለም። ፍርድ የዳኛው ቃል ነው፤ መዝገብ ግን የምስክሮቹ ቃል ነው። መዝገቡን አስወጣሁ። ምስክሯ ጎረቤት ናት። ሌሊት ሕፃን ልጇን ልታጠባ ተነስታ መስኮት አጠገብ ነበረች። ዐቃቤ ሕግ በጠየቃት ዋናው ጥያቄ ላይ "ሲሮጡ አየሁ" ብላለች። በተከሳሽ ወገን መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ግን እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "ደጅ የቆመው ልጅ አስቀድሞ ሮጠ። ከዚያ ነው ጩኸት የሰማሁት።"

አስቀድሞ ሮጠ። ከዚያ ጩኸት።

ፍርዱ ላይ ጩኸቱ ፊት ነው፣ ሩጫው ኋላ። ምስክሯ አፍ ላይ ሩጫው ፊት ነው፣ ጩኸቱ ኋላ። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይመስለኝም። ሲጠቃለል ተገለበጠ። መዝገብ በዝቶበት የደከመ ሰው ሥራ ነው። ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ተገልብጧል።

ደስ ብሎኝ ዘልዬ ልነሳ ስል ራሴን ያዝኩ። ዐቃቤ ሕግ ምን ይላል? "ቢሮጥስ? ሲፈራ ሮጠ። ፌሮ ይዘው መግባታቸውን ካወቀ ደጅ ሲቆም 'የመጣው ይምጣ' ብሏል። ሩጫ የቀደመውን ሐሳብ አይሰርዝም።" ትክክል ነው! እኔም ዐቃቤ ሕግ ብሆን ይህንኑ እላለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ፌሮው ላይ ወደቀ። ፌሮውን ከየት አመጡት?

የኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ዝርዝሩን አየሁ። "አንድ ፌሮ፣ ደም ያለበት" ይላል። ሌላ የለም። የቦታው ፎቶ ግን ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ነበር። ፎቶውን መብራት ሥር አስጠግቼ አየሁት። ግቢው ውስጥ ያላለቀ ክፍል አለ። ከግድግዳው ሥር ፌሮዎች ተቆልለዋል። ጫፋቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ኤግዚቢቱ ፎቶ ላይ ያለው ፌሮም ጫፉ ነጭ ነው! የገደለው ፌሮ ከዚያው ከግቢው የተነሳ ነው። ደጅ የቆመው ልጅ ሊያየው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ቢላም፣ ዱላም፣ ሌላ መሣሪያም ይዘው እንደነበር አንድም ምስክር አልተናገረም።

ሁለት የቅሬታ ነጥብ ጻፍኩ። ሁለት ብቻ። ወጣት ጠበቆች አሥራ አምስት ነጥብ ትጽፋላችሁ፤ ዳኛው ጠንካራውን ከደካማው መሐል ፈልጎ እንዲያወጣ ትተዉታላችሁ። አታድርጉት። ጉዳዩ "ያስቀርባል" ተባለ። ክርክር ተሰማ። የበላይ ፍርድ ቤቱ በሦስተኛው ተከሳሽ ላይ የተሰጠውን የግድያ ጥፋተኝነት ሻረ። በከባድ ስርቆት ጥፋተኛ አለው። ቅጣቱም በዚያ ልክ ተሻሻለ። በሁለቱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ጸና። ያ ትክክል ነበር፤ ለእነሱ የሚሆን ቀዳዳ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ሌላ ደጅ የቆመ ተከሳሽ ቢኖርና ይግባኝ ባይል ኖሮ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 196 ውሳኔው ለእሱም እንዲደርስ መንገድ አለው። ይህን አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። እናንተ አስታውሱት።

ፍርዱ በተነበበ ቀን ኮሪደር ላይ የሟች ልጅ አገኘችኝ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ነጠላ ለብሳለች። ልሸሻት ፈልጌ ነበር፤ አላሳለፈችኝም። "እርስዎ ነዎት ጠበቃው?" አለችኝ። "አዎ፣ እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። "ታዲያ አባቴን ማነው የገደለው?" አለችኝ።

ምን ትሏታላችሁ? እስቲ እናንተ ምን ትሏት ነበር?

ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ፎቶዎቹን ሳላሳያት፣ መዝገቡ የሚለውን ነገርኳት። ማን በሩን እንደሰበረ። ማን ፌሮውን እንዳነሳ። ማን እንደመታ። ማን ሮጦ እንደሄደና መቼ እንደሄደ። እስከዚያ ቀን ማንም በቅደም ተከተል አልነገራትም ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ "በጋራ በመሆን" ብቻ ነው ያላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ስለዚህ እሱ ቢያፏጭ ኖሮ አባቴ አይሞትም ነበር?" አለች። አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም። ልጁ ጮሆ ቢሆን፣ በር አንኳኩቶ ቢሆን... ይህ ጥያቄ እሱም ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ በኋላ ማረሚያ ቤት ስጠይቀው ራሱ አንስቶልኛል። የስርቆት ፍርዱ ይህን አይመልስም። የግድያ ፍርዱም ቢሆን አይመልሰውም ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። "የነገሩኝን ጻፉልኝ፤ እናቴ ማንበብ ትችላለች" አለችኝ። በአንድ ገጽ ጻፍኩላት።

ሰዓቴ አልቋል፤ አስተናባሪዋ እያየችኝ ነው። ይቅርታ እህቴ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ያን የምስክር ቃል ገጽ ኮፒ አድርጌ አምጥቻለሁ። ስሞቹ ተሸፍነዋል። ከፊተኛው ረድፍ ጀምሩና ወደ ኋላ አሳልፉት። ከላይ ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። እያንዳንዳችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።